ድመቷና የእንግዳው ብርጭቆ

ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚያስበው ስለ እራቱ ነው። እኔ ግን በዚያ ዓመት ከጎጃም በረንዳ ወደ ሰባተኛ መንገድ በጀመርኩ ቁጥር፣ ዛሬ ደግሞ ምን ተሰብሮ ይጠብቀኝ ይሆን እያልኩ ነበር የምሄደው። በሩን ከመክፈቴ በፊት ጆሮዬን ለጥፌ አዳምጣለሁ። ምንም አይሰማም። ስከፍተው ጠዋት አጥፌ የሰቀልኩት ጋቢ መሬት ላይ ተጎትቷል፣ የክር ጥቅሎቼ አልጋ ሥር ገብተው እርስ በርስ ተተብትበዋል፣ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ጋዜጣ እስከ ወገቤ ድረስ ተቦጫጭቋል። ጥፋተኛዋ ደግሞ አንድ ክንድ የማትሞላ ግራጫ ድመት ናት። ጅራቷን ቀጥ አድርጋ እየሮጠች ትመጣና እግሬ ላይ ትጠመጠማለች።

"ምን ሆነሽ ነው አንቺ? ምን በደልኩሽ?" እላታለሁ።

ስም አላወጣሁላትም። በቤቱ ያለነው ሁለት ብቻ ስለሆንን "አንቺ" ስል ሌላ ዞር የሚል አልነበረም።

ሙያዬ ልብስ ስፌት ነበር። በንጉሡ ዘመን፣ ጎጃም በረንዳ ካለ አንድ የጨርቅ ሱቅ ደጃፍ ላይ የስፌት መኪናዬን አስቀምጬ እሠራ ነበር። ቀኑን ሙሉ በሰው መሃል ነኝ። የሰውን ደረት እለካለሁ፣ ሜትሬን በወገቡ አዞራለሁ፣ ክንዱን አስዘርግቼ ብብቱ ሥር እገባለሁ። የማላውቀውን ሰው ያን ያህል እየተጠጋሁ የምውል ሰው ሆኜ ሳለ፣ ከዚያ ሁሉ ደንበኛ "ቤትህ የት ነው?" ያለኝ አንድም አልነበረም። እኔም አልፈርድባቸውም። ሰው ልብስ ሰፊን የሚጠይቀው መቼ ይደርሳል ብሎ ነው።

ቤቴ ስገባ ሥርዓት እወዳለሁ። መቀሱ አፉን ወደ ግድግዳ ያዞራል፣ ካውያው ከበሩ ጀርባ ይቀመጣል፣ መርፌዎቹ እንደየቁመታቸው ይሰካሉ። ንጹሕ ሰው ነኝ እያልኩ ራሴን አወድስ ነበር። አሁን ሳስበው የሚያነጋግረኝ ስላልነበረ ዕቃ በማስተካከል ነበር የማመሸው። ሁለት ብርጭቆ ነበረኝ፤ አንዱ የኔ፣ ሌላው የእንግዳ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንግዳ የሚባል አልመጣም። ብርጭቆውን ግን በየሳምንቱ አጥቤና ወልውዬ ቦታው እመልሰው ነበር።

ድመቷን ያመጣኋት ለአይጥ ነው። የክፍሌ ኮርኒስ ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠረ አቡጀዲ ስለነበር፣ አይጦቹ ከላይ ሲሮጡ የእግራቸው ምልክት ከታች ይታያል። ለመዘምዘም ወደ ቤት ያመጣሁትን የአንድ ደንበኛ ካኪ ሱሪ ጉልበቱ ላይ በልተው ባሳፈሩኝ ጊዜ፣ ከምሠራበት ደጃፍ ማዶ የጤፍና የኑግ መጋዘን ለሚጠብቁ ሽማግሌ ነገርኳቸው። ካፖርታቸውን የምጠግንላቸው እኔ ነበርኩ።

"ድመት ውሰዳ! ወልዳልኛለች" አሉና ከጆንያዎቹ ጀርባ ወሰዱኝ። አምስት የድመት ልጆች አንዱ በሌላው ላይ ተቆላልፈው ተኝተዋል። የትኛው እግር የየትኛው እንደሆነ አይለይም። ግራጫዋን አነሣሁ።

"ሁለት ውሰድ" አሉኝ። "እነዚህ ብቻቸውን አያውቁበትም። አንዷ ብቻዋን ከሆነች ታስቸግርሃለች።"

"አንድ ትበቃኛለች ጋሼ። እኔስ ብቻዬን እኖር የለ?"

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። ያን ቀን በመልሴ ኮርቼ ነበር፤ ዛሬም ሳስታውሰው ያበሽቀኛል።

ከዚያ ይልቅ ያሳሰበኝ የቤቱ ባለቤት ነገር ነበር። ግቢው ውስጥ የምንኖረው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን፤ ሌላዋ ክፍል የአንድ ነጋዴ ዕቃ ማስቀመጫ ናት። እትዬ እላቸዋለሁ፤ ጫጩት ያረባሉ። እኔ ከመግባቴ በፊት የጎረቤት ድመት አጥር ዘላ ጫጩቶቻቸውን ጨርሳባቸው ስለነበር፣ ክፍሉን ሲያከራዩኝ የመጀመሪያ ቃላቸው "ድመት ያየሁ ቀን ዕቃህን ደጅ ታገኘዋለህ" የሚል ነበር። ስለዚህ ድመቷን በካፖርቴ ሥር ሸሽጌ አስገባኋት፤ ከዚያም ቀን ቀን ቆልፌባት መውጣት ጀመርኩ። ከተገኘች ወይ እሷን አጣለሁ ወይ ቤቱን።

በመጀመሪያው ቀን የሰበረችው የእንግዳውን ብርጭቆ ነው። የኔ አጠገቡ ነበር፤ አልነካችውም። ተንበርክኬ ስብርባሪውን ስለቅም አለቀስኩ። ለብርጭቆ ማልቀስ የሚያሳፍር ነገር ነው፤ ቢሆንም አለቀስኩ። እሷ ጀርባዬ ላይ ወጥታ አንገቴን ትልሳለች።

የሚያበሽቀው እኔ ባለሁበት እጅግ ጨዋ መሆኗ ነው። ጨርቅ ዘርግቼ ስዘመዝም ትከሻዬ ላይ ትቀመጣለች፤ ክሩ ሽቅብ ቁልቁል ሲል በዓይኗ ትከተለዋለች እንጂ እጇን አትዘረጋም። በሩን ቆልፌ ስወጣ ነው ሌላ ፍጥረት የምትሆነው። እንግዲህ ተንኮለኛ ናት አልኩ። ፊት ለፊት እየሳቀ ከኋላ የሚያማ ሰው አውቃለሁ፤ ከዚያ ወገን ቆጠርኳት።

ያልሞከርኩት የለም። ዕቃውን ሁሉ ሳጥን ውስጥ ከተትኩባት፤ ግድግዳውን ቦጨቀች። በጥብጣብ ከአልጋው እግር አሰርኳት፤ ማታ ስገባ ጥብጣቡ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ምላሷ ወጥቶ አገኘኋት። ፈትቼ እስክትተነፍስ ድረስ ያየሁትን ፍርሃት ለጠላቴም አልመኝ፤ ሁለተኛ አላሰርኳትም። ከሥጋ ቤት ሳንባ እየገዛሁ ትቼላት ወጣሁ። አትነካውም። ማታ ስገባ፣ እግሬ ላይ ተጠምጥማ ስትጨርስ፣ ያን ጊዜ ሄዳ ትበላዋለች። ይኼ ብቻ አንድ ነገር ሊያስተምረኝ ይገባ ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ ሥራ ቦታ ይዣት ሄድኩ። እስከ ረፋዱ ድረስ ጉልበቴ ላይ ጸጥ ብላ ቆየች። ቆርቆሮ የጫነ ጋሪ እየተንኳኳ ሲያልፍ ግን ተስፈንጥራ ሱቁ ውስጥ ገባችና የተደረደረውን ጣቃ ሁሉ በላይዋ ላይ አወረደችው። ባለሱቁ ጨርቁን እያነሣ "ወንድሜ፣ ደጃፌን የሰጠሁህ ለስፌት መኪና ነው፤ ለአውሬ አይደለም" አለኝ። እውነቱን ነው። ወደ ቤት መለስኳትና እንደገና ቆለፍኩባት።

እንዲህ እንዳለን አንድ ጠዋት እትዬ የግቢው በር ላይ አስቆሙኝ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል።

"ልጄ፣ ስትወጣ ቤት ውስጥ ሰው ትተህ ነው የምትወጣው?"

"ኧረ ማንም የለም እትዬ።"

"ማንም?"

"ማንም።"

ፊታቸው አመድ መሰለ። "እንግዲያው እሱ ነው" አሉ።

ከኔ በፊት በዚያ ክፍል የኖሩት አንድ ጡረተኛ ወታደር እንደነበሩ አውቃለሁ። እንዴት እንደሞቱ ግን እስከዚያ ቀን አልነገሩኝም ነበር። ሰውዬው ከማንም የማይገጥሙ ዝምተኛ ነበሩ አሉ። አንድ ቀን ሳይወጡ ዋሉ። እትዬ አገራቸው ሄደው ይሆናል ብለው አለፉት። በሩ የተሰበረው በሦስተኛው ቀን ነው።

"ውሃ ቀድቼ ስመለስ በደጁ ነው የማልፈው" አሉኝ። "አንድ ጊዜ ባንኳኳ ምን ነበረበት? 'አንተ ሰውዬ፣ ደህና ነህ?' ብል አፌ አይቆረጥ! አሁን ይኸው፣ አንተ ስትወጣ ጠብቆ ያቃስታል። ዕቃ ይጥላል። በሩን ይቧጭራል። ጆሮዬ ከባድ ነው፤ ይህን ግን እሰማዋለሁ።"

እውነቱ አፌ ላይ ነበር። ድመት ናት እትዬ ብል ሴትዮዋ ያርፋሉ፤ እኔ ግን ድመቷን አጣለሁ። ዝም ካልኩ እሷ ትቀርልኛለች፤ እሳቸው ግን በሙት መንፈስ ሲሰቃዩ ይሰነብታሉ። ዝም አልኩ። ስንት ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ የሚቆረቁረኝ ነገር ነው፤ ያኔ ግን ማታ በር ስከፍት የሚሮጥልኝ ሌላ ምን ነበረኝ?

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የንስሐ አባታቸውን ይዘው እንደሚመጡ፣ ክፍሉም ጸበል እንደሚረጭ ነገሩኝ። እምቢ ማለት አይቻልም። ድመቷን እስክትጠግብ አበላኋትና የጨርቅ ቁርጥራጭ የማጠራቅምበት የጣውላ ሳጥን ውስጥ አስተኝቼ ክዳኑን ገጠምኩት። ከዚያ ቤቱን አጸዳሁ። በርጩማው ላይ ጋቢ አነጠፍኩ፤ ያለችኝን አንድ ብርጭቆ ወለወልኩ። ለምን እንደዚያ ልቤ እንደሚመታ ራሴን ስጠይቅ፣ ከፍርሃቱ ጋር ደስታም እንዳለበት ገባኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው እንግዳ ሊገባልኝ ነው፤ እሱም የሞተ ሰው ሊያባርር።

ቄሱ ገቡ፤ መስቀል ተሳለምኩ። ጸሎታቸውን እያደረሱ ጥግ ጥጉን፣ አልጋውን፣ የተቦጨቀውን ግድግዳ ረጩ። እትዬ ከኋላ ሆነው ያለቅሳሉ። "ማረኝ በሉልኝ አባቴ፣ ሳላንኳኳለት ነው የሞተው" ይላሉ። ቄሱ ወደ ሳጥኑ ዞሩ። ውሃው በጣውላው ስንጥቅ ገብቶ መንጠባጠቡ አልቀረም፤ ከውስጥ አንድ ጩኸት ወጣ። ቄሱ "በስመ አብ!" ብለው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ክዳኑ ተነሣ። ከሥሩ ጸጉሯ የተጣበቀ ትንሽ የራሰች ጭንቅላት ብቅ አለችና ሁላችንንም በየተራ አየችን።

እትዬ አልጋዬ ላይ ተቀመጡ። "ይቺ ናት?" አሉኝ።

"እሷ ናት እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።"

"እሱ አይደለም?"

"አይደለም።"

ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። መጀመሪያ እያለቀሱ ነበር፤ ቆይቼ ስሰማ ይስቃሉ፤ ከዚያ ሁለቱም ተደባለቀ። ቄሱ ድመቷን ወደ ምድጃው ጥግ ስትሄድ በዓይናቸው ሸኟትና "እንግዲህ ጸበል የሚያስፈልገው ለሷ ኖሯል" አሉ። ውሃ ጠጡልኝ። ብርጭቆውን አለቅልቄ ለእትዬ ሰጠኋቸው።

"ሌላ ብርጭቆ የለህም እንዴ?"

"ነበረኝ። ሰበረችው።"

ዕቃዬን ደጅ እስኪያወጡት ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ውሃቸውን ጨርሰው ተነሡና በሩ ጋ ሲደርሱ "ትኑር" አሉኝ። "ጫጩቶቹ ላይ ቅርጫት እደፋባቸዋለሁ። ከዚህ ክፍል ድምፅ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ አይቼዋለሁ።"

ሦስት አራት ቀን እንደ እኔ ደስ ያለው ሰው መርካቶ ውስጥ የነበረ አይመስለኝም። ድብቅብቁ ቀረ። ማታ ማታ በሩን ገርበብ አድርጌ ከድመቷ ጋር ደጃፍ ላይ እቀመጣለሁ። ዕቃ መስበሯ ግን እንደቀጠለ ነው፤ እኔም መልመድ ጀምሬ ነበር።

በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት መሳለሚያ ጋ የሚጠብቀኝን ደንበኛ ለመለካት ወጥቼ፣ መንገድ ጀምሬ አንገቴን ብዳስስ ሜትሬ የለም። ልብስ ሰፊ ሜትሩን ረስቶ ሲወጣ ይታያችሁ። እየተራገምኩ ተመለስኩ። ቁልፉን ላስገባ ስል ከውስጥ ድምፅዋን ሰማሁ።

ሲርባት የምታሰማውን አውቃለሁ፤ ያ አልነበረም። ረዘም ያለ፣ ከሆዷ የሚወጣ፣ ጮኻ ጮኻ መልስ ካለ ብላ የምታዳምጥበት ዓይነት ነው። በበሩ ስንጥቅ አየኋት። ጋቢው ወዳለበት ምስማር ዘላ ጎትታ አወረደችው፤ አሸተተችው፤ ሥሩ ገብታ ወጣች። ጠረጴዛው ላይ ወጥታ የምሠራበትን ቦታ አየች፤ መቀሱ ወደቀ። ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ጋዜጣውን ቧጨረች፤ ከዚያ ማዶ ያለሁ መስሏት ይሆናል። ከዚያ መጥታ በሩ ፊት ተቀመጠችና ጮኸች። አንድ ጣውላ ብቻ ነበር መሃላችን።

ለካ እየፈለገችኝ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ተንኮል ያልኩት ፍለጋ ነው።

ከጎጃም በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ማታ ማታ ከሥራ ስወጣ፣ ከአገር ቤት የሚመጣው አውቶቡስ ወደሚያራግፍበት እሄድ ነበር። ጥግ ቆሜ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን አያለሁ። የምጠብቀው ሰው አልነበረኝም፤ እናትና አባቴን ቀብሬ ነው የመጣሁት። የመጨረሻው ሰው ወርዶ በሩ ሲዘጋ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። እሷ በጣውላው ማዶ ስትጮህ ግን ያን ጥግ አስታወስኩ።

በሩን አልከፈትኩትም። ከከፈትኩት ተመልሼ መውጣት እንደማልችል አውቄያለሁ። በጫማዬ ጫፍ እየረገጥኩ ሄድኩ። የዚያን ቀን ደንበኞቼን የለካሁት በክር ነው።

ቅዳሜ ድመቷን በካፖርቴ ሥር አድርጌ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ ከማንም ልሸሽጋት አልነበረም፤ ደረቴ ላይ እንድትሆን ፈልጌ ነው።

"ልመልሳት ነው ጋሼ" አልኳቸው።

"አጠፋች?"

"አላጠፋችም።"

"ታዲያ ምን ሆነች?"

"ብቻዋን ናት።"

ሽማግሌው "ብዬህ ነበር" አላሉኝም። እስከ ዛሬ ውለታቸው አለብኝ። ሁለተኛ ልጨምርላት ብዬ አስቀድሜ ጠይቄያቸው ነበር፤ የተቀሩት ለየመጋዘኑ ተከፋፍለው እናቲቱና አንድ ወንድሟ ብቻ ነበሩ የቀሩት። እነሱ ደግሞ ኑጉን ከአይጥ የሚጠብቁ ስለሆኑ ከመጋዘኑ መለየት አይቻልም። እናቷ መጀመሪያ ጥርሷን አሳየቻት። ከዚያ አሸተተቻት፤ ግንባሯን ላሰቻት። ወንድሟ ከጆንያ ላይ ተወርውሮ ጀርባዋ ላይ ወደቀ፤ ተያይዘው ተንከባለሉ። ከዚያ ሦስቱም የጤፉን ክምር ሽቅብ ወጡ። አንድ ጊዜ ዞር ብላ እንድታየኝ ፈለግሁ። አልዞረችም። ጥሩ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ግን ቅር አለኝ፤ ክፉኛ ቅር አለኝ።

የዚያን ዕለት ማታ በልማዴ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ከፈትኩት። ጋቢው እንደታጠፈ ምስማሩ ላይ ነው። ክሩ በቦታው፣ መቀሱ አፉን ወደ ግድግዳ አዙሮ። ቤቴን እንዲህ ሆኖ ባገኘሁት እያልኩ ስንት ቀን ተመኝቻለሁ።

እትዬ ከደጃፋቸው ሆነው ጮክ አሉ። "ዛሬ ድምፅዋ የለም፤ አመማት እንዴ?"

"ወደ እናቷ መለስኳት እትዬ።"

ያልሰሙኝ መስሎኝ ልደግምላቸው ስል "እንግዲያው ጠዋት ጠዋት ደህና አደሩ ሳትለኝ እንዳትወጣ" አሉኝና ጫጩቶቹ ላይ የደፉትን ቅርጫት አነሡ።

በማግስቱ ጠዋት ውሃ ጠጥቼ ብርጭቆዬን ቦታው ልመልስ ስል እጄ ቆመ። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት፤ ግማሹ ከጠረጴዛው ወጥቶ፣ ድመት ጅራቷን ብታወዛውዝ የሚወድቅ አድርጌ። በሩን ቆለፍኩ፤ ለእትዬ ደህና አደሩ አልኳቸው፤ ሥራ ዋልኩ። ማታ ስገባ ብርጭቆው እዚያው ጠርዝ ላይ፣ እንዳስቀመጥኩት ነበር።